ሰፍቶ ስጦታ ለመስጠት፦ መርፌ፣ የእግር መኪና፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወይስ መኪና ግርግር?

ድሬዳዋ ላይ ኅዳር ሲገባደድ በየቤቱ ሁለት ነገር ይቆጠራል። ቁልቢ ስንት ቀን ቀረው? ስንት እንግዳስ ያድራል? ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከአዲስ አበባም ከሌላም የመጣ ዘመድ ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ይተኛል። ሲመለስ ደግሞ ባዶ እጁን መሸኘት ደስ አይልም።

አንድ ዓመት «ዘንድሮ ሁሉንም ራሴ ሰፍቼ እሰጣለሁ» አልኩ። የስፌት መኪና ልግዛ ወይ ብዬ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ አራት መልስ አገኘሁ። አክስቴ «የእግር መኪና እያለ ሌላው ምን ያደርጋል?» አለች። የጎረቤት ልጅ ስልኳን አውጥታ ሃምሳ ዓይነት ስፌት የሚሰፋ የኤሌክትሪክ መኪና አሳየችኝ። ሐረር ያለችው ጓደኛዬ መጀመሪያ «በእጅሽ ስፊው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አቦ ምን ያደክምሻል፣ መኪና ግርግር ውሰጂው» አለች።

መኪና ግርግርን ለማያውቅ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። ስሙም የመጣው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራቱንም ሞክሬያለሁ። የስፌት ባለሙያ አይደለሁም። ግን የቱ ለምን እንደሚሆን፣ የቱ ገንዘብ እንደሚበላ በራሴ ላይ አይቻለሁ።

መጀመሪያ መለኪያው

«የትኛው መኪና ይሻላል?» ብሎ መጀመር ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው። መጀመሪያ የምትሰጡትን ዕቃ ወስኑ። ከዚያ ሜትር ያዙና ስፌቱን ለኩ።

አዎ፣ ስፌቱን። ብዙ ሰው ጨርቁን ነው የሚለካው። የሚያደክመው ግን ስፌቱ ነው። 45 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ከኋላ ተደራርቦ የሚዘጋ የትራስ ልብስ ወደ 2 ሜትር ስፌት አለው። ስድስት ከሆነ 12 ሜትር። ሽርጥ አንድ ጎኑን መግጠም ብቻ ነው፤ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥ። ድሪያ፣ ያቺ ሰፊዋ የሴት ቀሚስ፣ ቀላል ትመስላለች። ሁለቱ ጎኖች፣ አንገቱና የታችኛው ጠርዝ ሲደመሩ ግን 6 ሜትር አካባቢ ትደርሳለች።

ቀጥሎ፣ ዕቃው ስንት ጊዜ ይታጠባል? የሕፃን ልብስ በየቀኑ ውሃ ያያል። የመሶብ ልብስ ለበዓል ብቻ ይወጣል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስፌት አያስፈልግም።

ቀኑና መብራቱም አሉ። ስጦታው የሚሰጥበት ቀን የማይገፋ ከሆነ በመብራት ላይ መተማመን ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ለማንም አይነገርም።

ገንዘቡን ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ አንዴ የሚወጣና በየዕቃው የሚወጣ። እዚህ የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለመጪው ወር አይሆንም። በምትኩ ይህችን ስሌት ያዙ። የመኪናውን ዋጋ ልብስ ሰፊ ለአንድ ዕቃ በሚያስከፍላችሁ የእጅ ዋጋ አካፍሉት። መልሱ 60 ከመጣና በዓመት 10 ስጦታ የምትሰጡ ከሆነ መኪናው ዋጋውን የሚመልሰው በ6 ዓመት ነው። ይህን አስልታችሁም መኪና ካማራችሁ ግዙ። አምሮትም ምክንያት ነው። ብቻ «ለቁጠባ ነው» አትበሉ።

የመጨረሻው መለኪያ ተቀባዩ ሲያየው የሚለው ነው። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» ይላል ወይስ ከሱቅ የተገዛ ይመስለዋል?

መርፌና ክር

ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። መብራት አይፈልግም። አውቶቡስ ውስጥም፣ ቡና እስኪፈላም ይሠራል። ችግሩ ጊዜ ነው።

በእጅ ሁለት ዓይነት ስፌት እንለይ። አንደኛው ውስወሳ ነው፤ መርፌው ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ፈጣን ነው፣ ግን ለጊዜው መያዣ ነው። ልጅ አንዴ ሲጎትተው ይተረተራል። ሁለተኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄደው ነው። መርፌው ከታች ይወጣል፣ ቀድሞ ወደተሰፋው ተመልሶ ይገባል፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ ቀድሞ ይወጣል። ይህ ጠንካራ ነው። በ1 ሳንቲሜትር 3 ጊዜ ብትወጉ ለ1 ሜትር 300 ጊዜ ትወጋላችሁ። እኔ አንዷን ሜትር ከ1 ሰዓት ባነሰ ጨርሼ አላውቅም። እንግዲህ ስድስቱን ትራስ አስቡት።

ድሬ ላይ ደግሞ ላቡ አለ። እጅ ሲያልበው መርፌው አይንሸራተትም። ነጭ ጨርቅ ላይ ተሰክቶ ያደረ መርፌ ደግሞ ቡናማ ነጥብ ትቶ ይነሳል። በነጭ ላይ የምሠራው ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። ስጨርስ መርፌዋን ነቅዬ አስቀምጣለሁ። ሐረር ያለ ሰው ይህን አንብቦ ይስቅ ይሆናል። ቀዝቃዛ አየሩ ነዋ የሚያስቀው።

መርፌን የሚያህል የሌለበት አንድ ቦታ አለ፤ ጥልፍ። የትራሱ ማዕዘን ላይ የተቀባዩን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጥለፉ። ፊደላችን ለዚህ ይመቻል። «በ»ን ተመልከቱ፤ ሁለት እግር፣ አንድ አግድም፣ አለቀ። «ሠ» እና «ጨ» ትንሽ ያለፋሉ። «ኘ» የምትባል ዘመድ የለችኝም፣ እግዜር ይስጠው። በእርሳስ በቀላሉ ሣሉና በዚያው ወደ ኋላ በሚመለሰው ስፌት ተከተሉት። 4 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል በአንድ ቡና ሦስት ስኒ ያልቃል።

የእግር መኪና

አክስቴ ግማሽ እውነት ነበራት። መብራት ሲጠፋ መንደሩ ዝም ሲል የእሷ መኪና ብቻ ይሰማል። አቡጀዲም ጂንስም ይሰፋል። ጥቁሮቹ ጠንካራ መኪኖች አብዛኞቹ የአንድ አሮጌ ሞዴል ቅጂ በመሆናቸው መለዋወጫቸው እርስ በርሱ ይገጣጠማል። የሚጠግን ሰውም አይጠፋም።

የማይሠራው ምንድነው? ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋው። ዚግዛግ የለውም። የቁልፍ ቀዳዳ አይከፍትም። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር ወይ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ወይ በእጅ መዘምዘም አለባችሁ። ለትራስ ልብስ፣ ለሽርጥ፣ ለመጋረጃ፣ ለድስት ማንሻ ግን ቀጥታ ስፌት ይበቃል። ስጦታ ብለን የምንሰፋው አብዛኛው ነገር እኮ አራት ማዕዘን ነው።

እግርና እጅን ማስማማት ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ ጎማው ወደ ኋላ ይዞርባችኋል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ትሰድቡታላችሁ። ወረቀት ላይ ክር ሳታስገቡ ተለማመዱ። ደብተር ላይ መስመር እየተከተላችሁ መብሳት ነው። ከዚያ በኋላ እግር ራሱ ያውቀዋል።

ያገለገለ ከገዛችሁ ከቤት የራሳችሁን ብጣሽ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚሰጣችሁ ቁራጭ መኪናው የለመደው ነው። እጥፍ አድርጋችሁ 1 ሜትር ያህል ስፉ። ከዚያ ገልብጣችሁ እዩ። ከታች በኩል ክሩ እንደ ዳንቴል ከተንጠለጠለ የላይኛው ክር አልጠበቀም ወይም በትክክል አልገባም። ይህ ይስተካከላል። ጨርቁ ወደ ኋላ አልሄድ ብሎ አንድ ቦታ የሚወጋ ከሆነ ግን፣ ከታች ያሉት ጥርሶች ጠበቅ ተደርገው እንኳን ካልሳቡ፣ አመስግናችሁ ውጡ። እኔ አንድ ሻጭ «ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ስከፍተው ዘይት ሞልቶታል፤ የምግብ ዘይት። ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጥቦ ለማጽዳት ሙሉ ቅዳሜ ሄደ። የስፌት መኪና የራሱ ቀጭን ዘይት አለው። ሌላ አታፍስሱበት።

የኤሌክትሪክ መኪና

ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው። እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሁለቱ እጆች ጨርቁን ይመራሉ። ዚግዛግ አለው፤ ስለዚህ ላስቲክ ያለው ነገር፣ የሕፃን ሱሪ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ የምትሰፉ ከሆነ ክርክር የለውም። የቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል። ሃምሳ ዓይነት ስፌት ግን አያጓጓችሁ። እኔ እስካሁን የተጠቀምኩት ሦስቱን ነው፦ ቀጥታ፣ ዚግዛግ፣ የቁልፍ ቀዳዳ። አንዴ የአበባ ቅርጽ ሰፍቼ ነበር። ማንም ሳያየው ታጠበ።

ውጭ ያለ ዘመድ «መኪና ልላክልሽ» ካለ አንድ ነገር ጠይቁት። ከጀርባው የተጻፈው ስንት ቮልት ነው? የአሜሪካ ዕቃ ብዙውን ጊዜ 110 ወይም 120 ነው፣ የእኛ ሶኬት 220። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ሞተሩን መሰናበት ነው።

ቁልቢ ሁለት ቀን ሲቀረው ምን እንደሆነ ገምታችኋል። አምስተኛው ትራስ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ያኔ የተማርኩት፣ የኤሌክትሪኩም መኪና በቀኝ በኩል ያለው ጎማ በእጅ ይዞራል። ወደ ራስ እየሳቡ ማዞር ነው። የቀረችውን አንድ ጎን በሻማ እንዲያ አድርጌ ጨረስኩ። ስድስተኛውን ግን ለአክስቴ ወሰድኩላት። ምንም አላለችኝም። ያ ይበልጥ ይከብዳል።

መርፌውን በጨርቁ ምረጡ። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለፖፕሊን 80፣ ለአቡጀዲ 80 ወይም 90፣ ለጂንስ 100። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት ነው፤ 80 ማለት 0.8 ሚሊሜትር። ስፌት እየዘለለ ካስቸገራችሁ መኪናውን ከመክሰሳችሁ በፊት መርፌውን ቀይሩ።

በነገራችን ላይ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ስቴፕለር የሚመስል ትንሽ መኪናም ይሸጣል። አትግዙት። በአንድ ክር ብቻ ሰንሰለት እየሠራ ነው የሚሰፋው። ጫፉን በደንብ ካላሰራችሁ በአንድ ጉተታ ሁሉም ይፈታል።

መኪና ግርግር፣ ወይም የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ

ፍጥነቱ ሌላ ነው። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ድሬ ያላችሁም ከፊራ ገበያ ዙሪያ ብትዞሩ ሰፊ አታጡም።

እንቅፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቀኑ። ከዒድ፣ ከአረፋ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት «ነገ ነይ» ማለት የሳምንት ቀጠሮ ነው። ሐረር ላይ የሐረሪዎች በዓል የሸዋሊድ ሰሞንም አለ። መስከረም ላይ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉን ይይዛል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። ቀብድ ስትሰጡ የመውሰጃውን ቀን ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ቆማችሁ እዩ።

ሁለተኛው፣ ሰፊው ያልነገራችሁትን በለመደው መንገድ ይሠራዋል። በአፍ ከማስረዳት አንድ ናሙና ይዞ መሄድ ይሻላል። ያረጀ የትራስ ልብስ ይበቃል። «ልክ እንደዚህ፣ ግን 3 ሳንቲም ሰፋ ያለ።» እንዲህ ካላችሁት አይሳሳትም።

ግማሹን ቤት፣ ግማሹን እዚያ

የእኔ ምርጫ በመጨረሻ ይህ ሆነ። ለአብዛኛውም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ጨርቁን ራሳችሁ ምረጡ፣ እጠቡ፣ ቁረጡ፣ ጥለፉ። ረጅሙን ስፌት ብቻ ለሰፊ ስጡ። ጥልፉ ከመገጣጠሙ በፊት ይለቅ፤ ከተሰፋ ትራስ ውስጥ እጅ አስገብቶ መጥለፍ ቅጣት ነው።

መጀመሪያ መኪና ግርግር ስወስድ ስድስት ትራስ ቆርጬ፣ በስፒል ይዤ ነበር። ሰውየው አንዱን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«አቦ፣ ተጣሟል።»

ከዚያ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከጠርዙ አንድ ክር በጥፍሩ ፈልቅቆ ቀስ እያለ ሳበ። ክሩ ተጎትቶ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ፀጉር የምታክል ክፍተት ቀረች፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለች። መቀሱን በእሷ ላይ አስኬደው። ማስመሪያ የለ፣ ጠመኔ የለ። «እንዲህ ነው» አለና ሌላውን አነሳ። ስድስቱንም ሻይዬን ጠጥቼ ብዙም ሳልቆይ ጨረሰ። ዛሬ አቡጀዲና ፖፕሊን የምቆርጠው በዚያ ዘዴ ነው። ለሹራብ ዓይነት ጨርቅ ግን አይሠራም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| | መርፌና ክር | የእግር መኪና | የኤሌክትሪክ መኪና | ልብስ ሰፊ | ግማሽ በግማሽ |
|---|---|---|---|---|---|
| መነሻ ወጪ | ከሁሉ ያነሰ | መካከለኛ፣ ያገለገለ ከሆነ | ከፍተኛ | የለም | መርፌ፣ ክር፣ መቀስ |
| በየዕቃው ወጪ | ጨርቅ ብቻ | ጨርቅና ክር | ጨርቅና ክር | ጨርቅና የእጅ ዋጋ | ጨርቅና ያነሰ የእጅ ዋጋ |
| ስድስት ትራስ | ከ12 ሰዓት በላይ | ግማሽ ቀን | ግማሽ ቀን | እንደ ወረፋው | ሁለት ምሽትና ወረፋው |
| መብራት | አይፈልግም | አይፈልግም | ይፈልጋል | የሰፊው ጣጣ | የሰፊው ጣጣ |
| ዚግዛግ፣ የቁልፍ ቀዳዳ | በትዕግሥት | የለም | አለ | እንደ መኪናው | እንደ መኪናው |
| እጃችሁ ይታያል? | በጣም | ትንሽ | ትንሽ | አይታይም | ይታያል |

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር

የመጀመሪያ ትራሶቼን አቡጀዲውን ሳላጥብ፣ ልክ 45 ቆርጬ ሰፋሁ። ሲሰጡ ያምሩ ነበር። አንዴ ታጥበው ሲመለሱ ትራሱ አልገባም አለ። ጥጥ ውሃ ሲነካው ይገባል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ መቀነሱ የተለመደ ነው። በ45 ሳንቲሜትር ላይ 5 በመቶ ማለት ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ብትን ጨርቁን ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ፣ አስጥታችሁ፣ በካውያ ተኩሳችሁ ቁረጡ። ለስፌቱ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ተኩል ጨምሩ።

ድሬ ለሚኖር ሰው ጥጥ ስጡ። ፖሊስተር ትራስ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ጉንጭ አሳርፎ የተኛ ያውቀዋል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ሌሊቱ ይበርዳል። እዚያ ወፈር ያለ ጨርቅ ወይም ገበር ያለው ይወደዳል። የሐረሪ ቤት መደብ ላይ የሚደረደር ትራስ የምትሰፉ ከሆነ ልኩን በግምት አትያዙ። ሄዳችሁ ለኩ፤ በዚያውም ቡና ትጠጣላችሁ።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ?

በዓመት ሦስት አራት ስጦታ ብቻ የምትሰጡ ከሆነ መኪና አያስፈልጋችሁም። ግማሽ በግማሽ ሂዱ። ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ አንድ ሽርጥ ወይም ሁለት የድስት ማንሻ በእጅ ስፉ፤ 1 ሜትር ስፌት ማንንም አይገድልም። ድስት ማንሻው ውስጥ አሮጌ ፎጣ ሁለት እጥፍ ክተቱበት፤ እጅ እንዳይቃጠል።

በቤታችሁ አሮጌ የእግር መኪና ጥግ ላይ ቲቪ ማስቀመጫ ሆኖ ካለ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስጠግኑ። ልጅ ወልዳችሁ ወይም ልትወልዱ ከሆነ፣ ሱሪውንም ቢቡንም ራሳችሁ የምትሰፉ ከሆነ፣ የኤሌክትሪኩ ያዋጣችኋል። ከስጦታው ባሻገር ለጎረቤት ዚፕ እየቀየራችሁ ሳንቲም ለመልቀም ካሰባችሁም እንደዚያው። ለሙሽራ ወይም ለትልቅ ሰው የሚሰጥ፣ ስህተት የማይችል ከፋይ ወይም ሐር ከሆነ ግን ኩራታችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ለባለሙያ ስጡ። ከፋይ የመርፌ ቀዳዳ አይረሳም። ተርትሬ ልድገመው አይባልም።

በዓሉ ሦስት ቀን ከቀረው ደግሞ ሽርጥ ነው መልሱ። ለአጎቴ የመጀመሪያውን የሰፋሁለት እንዲያ ተጣድፌ ነው። አንድ ጎን፣ አንድ ስፌት፣ ጥግ ላይ ትንሽ ፊደል። ስትጨርሱ ከመጠቅለላችሁ በፊት ስፒሎቹን ቁጠሩ። 12 ከሰካችሁ 12 ይመለስ። እኔ 11 ቆጥሬ «አንዷ ወለል ላይ ወድቃ ይሆናል» ብዬ ሰጠሁት። አጎቴ ሽርጡን አገልድሞ ለበርጫ ሲቀመጥ 12ኛዋን አገኛት።